የሁቨር ዋንጫ ለማን ምን ያህል ዋጋ አለው? ስለ ኮሌጅ ቤዝቦል የኮንፈረንስ ሻምፒዮና የተሰጠ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የምኖረው አትላንታ ነው። ልጄ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ቡድን ውስጥ ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) ሆኖ ስለሚጫወት፣ እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 የሳውዝኢስተርን ኮንፈረንስን (የደቡብ ምሥራቅ ኮሌጆች የውድድር ማኅበርን) የቤዝቦል ሻምፒዮና እንዲያይ አላባማ፣ ሁቨር ከተማ ድረስ ይዤው ሄጄ ነበር። አንዱ ቡድን የሞት ሽረት ትግል ሲያደርግ፣ ሌላው ዋና ፒቸሩን አስቀምጦ ሲጫወትና ተሸንፎ ሲወጣም እምብዛም ሳይከፋው አየን። ኋላ ስንሰማ ደግሞ ከ16ቱ ቡድኖች 13ቱ ወደ አገር አቀፉ ውድድር አልፈዋል። ታዲያ ይህ ውድድር ለምን ይደረጋል? ዋንጫውስ እውነት ዋጋ አለው? እንደገና ለመሄድ ብናስብ የትኛው ቀን ይሻለናል?»

ምላሽ፦

ውድ ጠያቂያችን፣ ያዩት ነገር ግድ የለሽነት ሳይሆን ስሌት ነው። ዋንጫው አንድ ቢሆንም ዋጋው ግን ከቡድን ቡድን ይለያያል፤ ዋጋውን የሚወስኑትም ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ቡድኑ በአገር አቀፉ ውድድር ውስጥ ያለው ቦታ አስቀድሞ የተረጋገጠ መሆን አለመሆኑ ሲሆን፣ ሁለተኛው በሚቀጥለው ሳምንት የሚያስፈልጉት ፒቸሮች ክንድ ምን ያህል አቅም እንደቀረው ነው። እነዚህን ሁለቱን ይዘው ሁቨር ያዩትን መለስ ብለው ቢያስቡት፣ ግራ ያጋባዎት ነገር አብዛኛው መልክ ይይዛል።

በመጀመሪያ ከኮንፈረንስ ውድድሩ በኋላ ያለውን መንገድ ማወቅ ይጠቅማል። የኤንሲኤኤ (የአሜሪካ ኮሌጆች ስፖርት ማኅበር) የመጀመሪያ ዲቪዚዮን ቡድኖች ከፌብሩዋሪ አጋማሽ ጀምሮ እስከ ሜይ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ እስከ 56 የሚደርሱ ጨዋታዎችን ያደርጋሉ። ከዚያ በኋላ ወደ አገር አቀፉ ውድድር የሚገቡት 64 ቡድኖች ብቻ ናቸው። በ2025 ከእነዚህ ውስጥ 29ኙ የየኮንፈረንሳቸው ሻምፒዮን በመሆን በቀጥታ ያለፉ ሲሆን፣ የቀሩትን 35 ደግሞ መራጭ ኮሚቴው የዓመቱን ውጤታቸውን አይቶ አስገብቷቸዋል። 64ቱ ቡድኖች አራት አራት ሆነው በ16 ከተሞች ይመደባሉ፤ በየምድቡ ሁለት ጊዜ የተሸነፈ ይሰናበታል። አሥራ ስድስቱ አላፊዎች ሁለት ሁለት ሆነው ከሦስት ጨዋታ ሁለቱን ያሸነፈ በሚያልፍበት ዙር ይገናኛሉ፤ በመጨረሻም ስምንት ቡድኖች ነብራስካ፣ ኦማሃ ላይ ለአገሪቱ ዋንጫ ይፋለማሉ። እንግዲህ የኮንፈረንስ ሻምፒዮና ማለት ከዚህ ሁሉ በፊት ያለው የመጨረሻው በር ነው። ለአንዳንዱ ቡድን በሩ ዝግ ነው፤ ሰብሮ መግባት አለበት። ለሌላው ግን ገና ሁቨር ሳይደርስ ተከፍቶለታል።

በሩ ከተዘጋባቸው ልጀምር፤ ምክንያቱም የኮንፈረንስ ሻምፒዮናን እውነተኛ ትርጉም የሚያሳዩት እነሱ ናቸው ብዬ አምናለሁ። ከ29ኙ ኮንፈረንሶች መካከል ብዙዎቹ ወደ አገር አቀፉ ውድድር የሚልኩት አንድ ቡድን ብቻ ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ኮንፈረንስ ውስጥ ያለ ቡድን የዓመቱን ጨዋታ በአንደኝነት ቢያጠናቅቅ እንኳ፣ በሜይ መጨረሻ በሚደረገው የጥቂት ቀናት ውድድር ከተሸነፈ ዓመቱ እዚያው ላይ ሊያበቃለት ይችላል። ስለዚህ አሠልጣኙ ለሚቀጥለው ሳምንት ብሎ የሚቆጥበው ነገር የለም፤ ዋናው ፒቸር ሐሙስ ወርውሮ እሑድ ተመልሶ ሲገባ የሚታየውም እዚህ ነው። ይህ ለክንድ መልካም አይደለም፤ ልጅዎ ፒቸር በመሆኑ ደግሜ የማነሣው ጉዳይ ይሆናል። ነገር ግን የሚያልፈው አንድ ቡድን ብቻ በሆነበት ቦታ ውሳኔው ከየት እንደሚመጣ ለመረዳት አያዳግትም።

ከዚህ በር የሚወጡት ቡድኖች ደግሞ ቀላል አይደሉም። በ2008 ፍሬስኖ ስቴት የዌስተርን አትሌቲክ ኮንፈረንስን ሻምፒዮና አሸንፎ ነው ወደ አገር አቀፉ ውድድር የገባው፤ በተመደበበት ከተማ ከአራቱ ቡድኖች አራተኛ ተብሎ ነበር፤ ሆኖም ኦማሃ ላይ ጆርጂያን በፍጻሜው አሸንፎ የአገሪቱን ዋንጫ ወሰደ። አራተኛ ተብሎ የተመደበ ቡድን ዋንጫ ሲያነሣ ያ የመጀመሪያው ነበር። እርስዎ በነበሩበት በ2025ም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ከኬንታኪ የመጣው መሪ ስቴት የሚዙሪ ቫሊ ኮንፈረንስን አሸንፎ አራተኛ ሆኖ ተመደበና፣ ሚሲሲፒ፣ ኦክስፎርድ ላይ አስተናጋጁን ኦል ሚስን (የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲን) ጥሎ፣ ቀጥሎም ዱክን አሸንፎ ኦማሃ ገብቷል። የሆራይዘን ሊግ ሻምፒዮን የሆነው ራይት ስቴት ደግሞ ናሽቪል ላይ ቫንደርቢልትን 5 ለ 4 አሸንፎ አሰናብቶታል። ልብ ይበሉ፦ ቫንደርቢልትና ኦል ሚስ ከሳምንት በፊት ሁቨር ላይ በፍጻሜው የተገናኙት ሁለቱ ቡድኖች ናቸው፤ ቫንደርቢልት 3 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫውን የወሰደ ሲሆን፣ በአገር አቀፉ ውድድርም ከ64ቱ 1ኛ ተብሎ ተመድቦ ነበር። ሁለቱም በገዛ ሜዳቸው ተሸንፈው ቀሩ።

አንባቢ እዚህ ላይ «ታዲያ ትንንሾቹ ኮንፈረንሶች ቦታቸውን ለዓመቱ አንደኛ ለምን አይሰጡም?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። የረጅሙ ዓመት ውጤት የቡድንን ጥንካሬ ከአራት ቀን ውድድር በተሻለ እንደሚያሳይ አያከራክርም። ካሊፎርኒያ ላይ ያለው ቢግ ዌስት ለረጅም ዓመታት ያደረገው ይህንኑ ነበር፤ ሻምፒዮና ሳያዘጋጅ አንደኛ የወጣውን ይልክ ነበር፤ በ2025 ግን እሱም ሻምፒዮና ማካሄድ ጀመረ። የአይቪ ሊግ ኮሌጆችም ቀደም ሲል በሁለት ቡድኖች መካከል ከሦስት ጨዋታ ሁለቱን ላሸነፈ ይሰጡ የነበረውን ዋንጫ ከ2023 ጀምሮ አራት ቡድኖች ወደሚሳተፉበት ውድድር ቀይረውታል። ዝንባሌው ወደዚህ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ በኤፕሪል ተስፋው የተሟጠጠ ቡድን ተጫዋቾቹን ይዞ ለመዝለቅ የሚያሳያቸው አንድ ነገር ያስፈልገዋል፣ ቴሌቪዥኑም ዋንጫ በአንድ ቀን ሲነሣ ማሳየት ይፈልጋል። እኔ በበኩሌ ቢግ ዌስት አቋሙን ባይለውጥ ደስ ይለኝ ነበር፤ ቢያንስ አንድ ኮንፈረንስ ለሦስት ወር ሥራ ቅድሚያ ሲሰጥ ማየት መልካም ነበርና።

አሁን ወደ ሁቨር እንመለስ። የሳውዝኢስተርን ኮንፈረንስ ሻምፒዮና በ1977 የተጀመረ ሲሆን፣ ከ1998 ወዲህ በኮሮና ምክንያት ከተሰረዘው የ2020 ውድድር በስተቀር በየዓመቱ የተካሄደው በሁቨር ሜትሮፖሊታን ስታዲየም ነው። ሁቨር የበርሚንግሃም አጎራባች ከተማ ነው፤ የኮንፈረንሱ ዋና መሥሪያ ቤትም በርሚንግሃም ውስጥ ይገኛል። ስታዲየሙ ለበርሚንግሃም ባረንስ ቡድን ተብሎ በ1988 የተከፈተ ነው፤ ማይክል ጆርዳን ቅርጫት ኳስን ለጊዜው ትቶ በ1994 ቤዝቦል የተጫወተውም ከዚህ ቡድን ጋር፣ በዚሁ ሜዳ ላይ ነው፤ ለልጅዎ ቢነግሩት ሳይወድ አይቀርም። ባረንስ ከ2012 በኋላ ወደ በርሚንግሃም መሀል ከተማ ስለሄዱ፣ ዛሬ ለሜዳው ትልቁ ሳምንት ይህ የኮሌጆች ሳምንት ነው። ዙሪያውን የመኖሪያ መኪና ይዘው መጥተው ሳምንቱን ሙሉ እዚያው የሚያድሩ ደጋፊዎችን ሳያዩ አልቀሩም።

ቴክሳስና ኦክላሆማ ኮንፈረንሱን በጁላይ 2024 ከተቀላቀሉ ወዲህ ቡድኖቹ 16 ሆነዋል፤ የውድድሩ አካሄድም ከ2025 ጀምሮ ተቀይሮ ንጹሕ ጥሎ ማለፍ ሆኗል። ማክሰኞ ከ9ኛ እስከ 16ኛ ያሉት ይጫወታሉ፤ ረቡዕ አሸናፊዎቹ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ካሉት ጋር ይገናኛሉ፤ ከ1ኛ እስከ 4ኛ የወጡት ግን እስከ ሐሙስና ዓርብ ሩብ ፍጻሜ ድረስ እያረፉ ይጠብቃሉ። ግማሽ ፍጻሜው ቅዳሜ፣ ፍጻሜው እሑድ ነው፤ በድምሩ 15 ጨዋታ ይሆናል። ከዚያ በፊት የሚሳተፉት 12 ቡድኖች ብቻ ነበሩ፤ ከመጀመሪያው ዙር በኋላም አንድ ጊዜ የተሸነፈ ቡድን ሁለተኛ ዕድል ነበረው።

ይህ ለውጥ ምን ያህል እንደሚያጠብቅ ለማየት ቴነሲን በ2024 ይመልከቱ። ቴነሲ የኮንፈረንሱን የዓመት አንደኝነት ከኬንታኪ ጋር ተጋርቶ መጥቶ በመጀመሪያው ጨዋታው በቫንደርቢልት በሰፊ ልዩነት ተሸነፈ። በቀድሞው አሠራር ሁለተኛ ዕድል ስለነበረው ከዚያ በኋላ ያሉትን ሁሉ አሸንፎ፣ ቫንደርቢልትንም በግማሽ ፍጻሜው ተበቅሎ፣ በፍጻሜው ኤልኤስዩን (የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲን) 4 ለ 3 ረትቶ ዋንጫውን አነሣ። በአዲሱ አሠራር ቢሆን ኖሮ በዚያው በመጀመሪያው ቀን ሻንጣውን ይዞ ወደ ኖክስቪል ይመለስ ነበር። በ2025 ቴክሳስ የደረሰበትም ይኸው ነው፤ ወደ ኮንፈረንሱ በገባበት የመጀመሪያ ዓመት ከ30 የኮንፈረንስ ጨዋታዎች 22ቱን አሸንፎ አንደኛ ቢወጣም፣ ሩብ ፍጻሜው ላይ ቴነሲ አሰናበተው፤ ለሽንፈቱ መካሻ የሚሆን ሌላ ጨዋታም አልነበረም።

ዋና ፒቸሩ ለምን ተቀመጠ ወዳሉት እንምጣ። የኮሌጅ ቤዝቦል ሳምንት የቆመው ዓርብ፣ ቅዳሜና እሑድ ከአንድ ተጋጣሚ ጋር በሚደረጉ ሦስት ጨዋታዎች ላይ ነው። እያንዳንዱ ቡድን ለሦስቱ ቀናት ጨዋታውን የሚጀምሩ ሦስት ፒቸሮች ይኖሩታል፤ ከሁሉ የሚሻለው የዓርቡ ነው። ይህ ልጅ በአንድ ምሽት 100 ያህል ኳስ ይወረውርና እስከሚቀጥለው ዓርብ ድረስ ያርፋል፤ ክንዱም፣ እንቅልፉም፣ በመሀል የሚያደርጋቸው ቀለል ያሉ ልምምዶችም በዚህ የሰባት ቀን ዑደት የተቃኙ ናቸው። በመሀል ሳምንት፣ ብዙ ጊዜ ማክሰኞ፣ ለሚደረገው ጨዋታ አራተኛው ልጅ ይመደባል፤ እሱም አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ወይም ገና ቦታውን እየፈለገ ያለ ወጣት ነው።

አሁን የ2025ን የቀን መቁጠሪያ እንዘርጋ። የዓመቱ የመጨረሻ ሦስት ጨዋታዎች ወደ ሁቨር ለመጓዝ እንዲመች አንድ ቀን ቀደም ብለው ሐሙስ ሜይ 15 ተጀምረው ቅዳሜ ሜይ 17 አለቁ። ስለዚህ ዋናው ፒቸር የወረወረው ሐሙስ ሜይ 15 ነው ማለት ነው። ቡድኑ ዝቅ ያለ ደረጃ ይዞ ማክሰኞ ሜይ 20 የሚጫወት ከሆነ፣ ይህ ልጅ ከወረወረ ገና አምስተኛ ቀኑ ነው፤ የዓርቡና የቅዳሜው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ዕረፍት ነው ያላቸው። አሠልጣኙ አራተኛውን ልጅ ቢያሰልፍ ጨዋታውን ንቆ ሳይሆን፣ የደረሰለት እሱ ስለሆነ ነው። በአንጻሩ ከ1ኛ እስከ 4ኛ የወጡት ቴክሳስ፣ አርካንሳስ፣ ኤልኤስዩና ቫንደርቢልት የመጀመሪያ ጨዋታቸው ሐሙስ ሜይ 22 ወይም ዓርብ ሜይ 23 ስለነበር፣ ዋና ፒቸራቸው ሳምንቱን ሞልቶ በሙሉ ጉልበቱ ሊገባ ይችል ነበር። በደረጃ ከፍ ማለት የሚያስገኘው ትልቁ ጥቅም ከሁለት ጨዋታ መዳን ብቻ ሳይሆን ይህ የቀን መግጠም ነው።

ነገሩ በዚህ አያበቃም፤ ከፊት ዓርብ ሜይ 30 አለ። አገር አቀፉ ውድድር የሚጀመረው በዚያ ቀን ነው፤ የሚካሄደውም ሳይሸነፍ የሚያልፍ ቡድን በሦስት ቀን ሦስት ጨዋታ፣ አንድ ጊዜ የተሸነፈ ደግሞ በአራት ቀን እስከ አምስት ጨዋታ በሚያደርግበት መንገድ ነው። ሁቨር ላይ ሐሙስ የወረወረ ፒቸር በሜይ 30 ስምንት ቀን አርፏል፤ ደህና ነው። ቅዳሜ በግማሽ ፍጻሜው የወረወረ ስድስት ቀን ይሆነዋል፤ ይኸም አይከፋም። እሑድ በፍጻሜው 100 ኳስ የወረወረ ልጅ ግን አምስት ቀን ብቻ ነው ያለው፤ ወይ ደክሞት ይገባል፣ ወይም ቅዳሜን ይጠብቅና ቡድኑ በመጀመሪያው ቀን ያለ እሱ ይጫወታል። የፒቸር ክንድ እንደ መንገደኛ ስንቅ ነው፤ ሁቨር ላይ የተበላው ለኦማሃ አይተርፍም። ስለዚህ ቦታው የተረጋገጠለት አሠልጣኝ አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጠው መካከለኛ መንገድ ነው፤ ዋናውን ፒቸር ጭራሽ አያስቀምጠውም፣ ነገር ግን ከጨዋታው ዘጠኝ ዙሮች (ኢኒንጎች) ሦስት አራቱን ያህል አስወርውሮት ያስወጣውና ቀሪውን ብዙም ዕድል ላላገኙት የመጠባበቂያ ፒቸሮች ይከፋፍለዋል። እነዚህ ልጆች በሺዎች በሚቆጠር ተመልካች ፊት ሲጨነቁ ምን እንደሚሆኑ የሚያይበት ሌላ ቦታ የለውም። እርስዎ «ዋና ፒቸሩን አስቀምጦ ሲጫወት» ያሉት ምናልባት ይህንን ሳይሆን አይቀርም።

ይህ ቁጠባ ያዋጣል ወይ? ያለፉት ዓመታት ውጤት እንዲህ ይላል። በ2021 ሚሲሲፒ ስቴት ሁቨር ላይ ሁለት ጊዜ ተጫውቶ ሁለቱንም በሰፊ ልዩነት ተሸነፈ፤ ከአንድ ወር በኋላ በታሪኩ የመጀመሪያ የሆነውን የአገሪቱን ዋንጫ ኦማሃ ላይ አነሣ። በዚያው ዓመት የሁቨሩን ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ የወሰደው አርካንሳስ ከ64ቱ 1ኛ ተብሎ ቢመደብም በሜዳው በኖርዝ ካሮላይና ስቴት ተሸንፎ ኦማሃ ሳይደርስ ቀረ። በ2022 ኦል ሚስ ከ30 የኮንፈረንስ ጨዋታዎች 14ቱን ብቻ አሸንፎ መጥቶ፣ ሁቨር ላይ በመጀመሪያው ቀን በቫንደርቢልት 3 ለ 1 ተሸንፎ ወጣ። ኮሚቴው ከመረጣቸው ቡድኖች ሁሉ የመጨረሻው ሆኖ በጭንቅ ከገባ በኋላ፣ በአሠልጣኝ ማይክ ቢያንኮ መሪነት ዋንጫውን ወሰደ። በ2023 ኤልኤስዩ ሁቨር ላይ አንድ አሸንፎ ሁለት ተሸነፈ፤ የዚያ ዓመት የአገሪቱ ሻምፒዮን ግን እሱ ነበር። በ2025ም በግማሽ ፍጻሜው በኦል ሚስ 2 ለ 0 ተሸንፎ ሲወጣ ያያችሁት ኤልኤስዩ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆኗል።

ከዚህ ተነሥቶ «ሁቨር ላይ መሸነፍ ይጠቅማል» ማለት ግን ስህተት ነው። በ2024 ቴነሲ የኮንፈረንሱን የዓመት ውድድር (በጋራ)፣ የሁቨሩን ዋንጫና የአገሪቱን ዋንጫ ሦስቱንም ጠራርጎ ወስዷል፤ ከ64ቱ 1ኛ ተብሎ የተመደበ ቡድን ዋንጫ ሲያነሣ ከ1999ኙ ማያሚ ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። በ2025ም ለኤልኤስዩ በፍጻሜው የተሸነፈው ኮስታል ካሮላይና የሰን ቤልት ኮንፈረንስን ሻምፒዮና አሸንፎ የመጣ ቡድን ነው። ውጤቶቹ የሚነግሩን የሁቨር ሽንፈት ቦታው ለተረጋገጠ ቡድን ብዙም እንደማይጎዳው ነው፤ ከዚያ በላይ ትርጉም ባንሰጠው ይሻላል።

የሞት ሽረት ትግል ሲያደርግ ያያችሁትስ ማን ነበር? ግምቴ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ነው። ይህ ቡድን በ2024 ኦማሃ ላይ እስከ መጨረሻው ጨዋታ ደርሶ ለቴነሲ የተሸነፈ ነው፤ በ2025 ከሁሉ ይበልጣል ተብሎ ዓመቱን ጀምሮ ሳይሆንለት ቀረና ማክሰኞ ከሚጫወቱት ተርታ ገባ። ለእሱ በሩ ዝግ ነበር። ማክሰኞ ሚሲሲፒ ስቴትን፣ ረቡዕ ኦበርንን አሸንፎ፣ ዓርብ በኤልኤስዩ በአንድ ነጥብ ልዩነት፣ 4 ለ 3 ተሸነፈ። በአገር አቀፉ ውድድር ሳይመረጡ ከቀሩት የኮንፈረንሱ ሦስት ቡድኖች አንዱ እሱ ሆነ፤ ሌሎቹ ሳውዝ ካሮላይናና ሚዙሪ ናቸው። ሚዙሪ ከ30 የኮንፈረንስ ጨዋታዎች ያሸነፈው 3 ብቻ ነበር፤ በአዲሱ አሠራር ግን እሱም ሁቨር ተጠርቶ፣ አምስት ጨዋታ በተከታታይ ቢያሸንፍ የኮንፈረንሱ ሻምፒዮን ሆኖ የሚያልፍበት ዕድል በወረቀት ላይ ነበረው። 16ቱም መጋበዛቸው ለሚዙሪ ተጫዋቾች ደግ ነገር ነው፤ የማክሰኞን ጨዋታዎች ግን አንዳንዴ ያደበዝዛቸዋል።

በኤንሲኤኤ ዙሪያ ያሉ ሰዎች ቦታ ነጣቂ የሚሉት ቡድንም አለ። ማለፍ የማይገባው የነበረ ቡድን ያልተጠበቀ የኮንፈረንስ ዋንጫ ሲያነሣ፣ ቀጥታ አላፊ ስለሚሆን ኮሚቴው ከሚመርጣቸው ቦታዎች አንዱ በመዘዙ ይጠፋል። ስለዚህ በዚያ ሳምንት በቋፍ ላይ ያለ ቡድን ደጋፊ የሆነ ሰው፣ ስማቸውን እንኳ በቅጡ በማያውቃቸው ኮንፈረንሶች ውስጥ ጠንካራዎቹ እንዲያሸንፉ ሲጸልይ ይሰነብታል።

ቦታቸው ለተረጋገጠላቸው ደግሞ አንድ የቀረ ነገር አለ፤ እሱም አስተናጋጅነት ነው። ኮሚቴው ከ1ኛ እስከ 16ኛ ያወጣቸው ቡድኖች የመጀመሪያውን ዙር በሜዳቸው ያስተናግዳሉ፤ ከ1ኛ እስከ 8ኛ ያሉት ካለፉ የሚቀጥለውንም እንዲሁ። በሜዳ መጫወት፣ በራስ አልጋ ማደርና የራስ ደጋፊ ማግኘት ቀላል ጥቅም አይደለም። 15ኛ ወይም 17ኛ ሊሆን የሚችል ቡድን ሁቨር ላይ አንድ ሁለት ጨዋታ ማሸነፉ ሚዛኑን ሊያዛባለት ስለሚችል ዋና ፒቸሩን ያለ ቁጠባ ያስገባል። የአስተናጋጆቹ ስም እሑድ ማታ፣ የ64ቱ ዝርዝር ሰኞ ስለሚወጣ ግን የእሑዱ ፍጻሜ በዚህ ስሌት ውስጥ ያለው ድርሻ አነስተኛ ነው፤ ኮሚቴው እስከዚያ ሰዓት ድረስ አብዛኛውን ሥራውን ጨርሷል።

የአካሄዱን ነገር ካነሣን፣ አትላንቲክ ኮስት ኮንፈረንስ እስከ 2024 ድረስ ይጠቀምበት የነበረው የምድብ ጨዋታ ለዚህ ስሌት ከሁሉ የከፋው ነበር። 12 ቡድኖች ሦስት ሦስት ሆነው በአራት ምድብ ይከፈሉና ከየምድቡ አንድ ያልፋል፤ ሦስቱም አንድ አንድ ካሸነፉ ግን የሚያልፈው በደረጃ ከፍ ብሎ የገባው ነበር። ስለዚህ በደረጃ የምድቡ አንደኛ ሆኖ ያልገባ ቡድን አንድ ጊዜ ከተሸነፈ አበቃለት፤ ሆኖም የቀረውን ጨዋታ ለምንም ነገር ሳይሆን መጫወት ይገደድ ነበር። በ2025 ዱራም ላይ 16 ቡድኖችን አሰልፎ ወደ ጥሎ ማለፍ መዞሩ ትክክለኛ እርምጃ ነው እላለሁ።

የዋንጫውን ዋጋ በኮሚቴና በፒቸር ስሌት ብቻ መለካትም አይገባም። ተጫዋቾቹ ከ18 እስከ 23 ዓመት የሆኑ ወጣቶች ናቸው፤ አብዛኞቹ ወደ ፕሮፌሽናል ቡድን አይገቡም፤ በቫንደርቢልትና በኦል ሚስ መካከል 3 ለ 2 ያለቀው ፍጻሜ ለብዙዎቹ በሕይወታቸው ከተጫወቷቸው ትልልቅ ጨዋታዎች አንዱ ነው። የቫንደርቢልቱ አሠልጣኝ ቲም ኮርቢን ቡድን ሁቨርን በ2019፣ በ2023ና በ2025 ያሸነፈው ሳይፈልገው አይደለም።

ልጅዎን በሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አሠልጣኞች በአንድ ቅዳሜና እሑድ በሚያልቁ ውድድሮች ላይ አንዱን ልጅ ደጋግመው የማስወርወር ፈተና አለባቸው። ሁቨር ላይ ያየው ቁጠባ ለእሱ ጥሩ ትምህርት ነው፤ በአገሪቱ ካሉት ጠንካራ ኮንፈረንሶች በአንዱ ውስጥ፣ ደመወዛቸው በውጤት የሚለካ አሠልጣኞች እንኳ በአራተኛው ቀን ፒቸራቸውን መልሰው ካላስገቡ፣ የ16 ዓመት ልጅ የሚገባበት ምክንያት የለም። ከውድድር በፊት ስንት ኳስ እንደሚወረውርና ስንት ቀን እንደሚያርፍ ከአሠልጣኙ ጋር መነጋገር የወላጅ መብት ነው፤ የክርን ጅማት ከተበጠሰ ቀዶ ሕክምናው ዓመትና ከዚያ በላይ ከሜዳ ያርቃል።

የቀን ምርጫን በተመለከተ፣ ልጅዎ ፒቸር ስለሆነ ሐሙስን ወይም ዓርብን ብመርጥላችሁ ይሻላል። ከ1ኛ እስከ 4ኛ ያሉት ቡድኖች ጨዋታ የሚጀምሩ ያረፉ ፒቸሮቻቸውን ይዘው የሚገቡት በእነዚህ ቀናት ነው፤ የሚገጥሟቸው ደግሞ ከአንድ ወይም ከሁለት ጨዋታ ተርፈው የመጡ ቡድኖች ስለሆኑ፣ ያረፈ ክንድና የደከመ ክንድ ጎን ለጎን ይታያል። ብዙ ጨዋታ በአንድ ቀን ማየት ከፈለጋችሁና በጭንቅ ላይ ያሉትን ማየት የሚማርካችሁ ከሆነ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ሂዱ፤ በእነዚህ ቀናት አራት አራት ጨዋታ አለ፤ ሆኖም ቡድኖቹ ከ30 ጨዋታዎች ስንቱን እንዳሸነፉ አስቀድማችሁ ተመልከቱ፤ 13 ወይም 14 ያሸነፈው በቋፍ ላይ ያለ ነው፣ የሚታገለውም እሱ ነው። በሜይ መጨረሻ አላባማ ውስጥ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ያለበት ዝናብ የተለመደ ስለሆነ የጨዋታ ሰዓቶች ሊሸጋሸጉ ይችላሉ፤ በዚያው ቀን ወደ አትላንታ ለመመለስ ካሰባችሁ የቀኑን የመጀመሪያ ጨዋታ ምረጡ።